ከስፖንጁ ጀርባ

«ይቺ ደግሞ ማን ናት?» አለች የሟች እህት፣ የሻይ ትሪውን እያስቀመጠች። «ለቅሶዋን አየሽው? ከእኔ ከእህቱ ብሳ!»

ሚስቱ ቀና አለች። በሩ አጠገብ የተቀመጠችው ወጣት ከሰፈር አይደለችም፤ ከዘመድም አይደለችም። ዓይኗ አብጧል።

ሚስቱ ማንም ሳይነግራት አወቀቻት። መልኳን ሳታይ፣ ስሟን ሳትሰማ ክረምቱን ሙሉ ስትጠላት የኖረቻት ሴት ናት።

ባሏ ሶፋ ሠሪ ነበር። ፀጉሩ ላይ ብናኝ ስለማይጠፋ ሰፈሩ «ስፖንጅ» ይለዋል። እሱ ስፖንጁን ይቆርጣል፣ እሷ የሶፋውን ልብስ ትሰፋለች። ሲስል «ብናኙ ነው» ይላታል፤ እሷም አፍህን ሸፍን እያለች ትቆጣዋለች። ኋላ ላይ ግን ጠዋት ጠዋት ስልኩን ይዞ ከስፖንጁ ክምር ጀርባ መግባት ጀመረ። እዚያ ሆኖ ብቻውን ይስቃል። አንድ ቀን የስፌት መኪናዋን አቁማ ጆሮዋን ጣል አደረገች።

«እመቤቴ፣ ደህና አደርሽ? ይኸው፣ ዛሬም አላሳፈርኩሽም» ይላል።

ዘላ ገባች። ስልኩን ነጥቃ ሲሚንቶው ላይ ፈጠፈጠችው። ሲም ካርዱንም በልብስ መቀሷ ለሁለት ቆረጠችው። ይጮህብኛል ብላ ስትጠብቅ እሱ ጎንበስ ብሎ ስብርባሪውን ለቀመ።

«በቃ፣ ትቻለሁ» አላት። «ከዛሬ ጀምሮ የለም።»

ያን ሰሞን ደስ ብሏት ከረመች። ሳሉ ጠፍቶለት፣ ሰውነቱም መለስ ብሎለት ነበር። በጋው ሲገባ ግን ሳሉ ደም ይዞ ተመለሰ። ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሙ «ባለቤትዎ መድኃኒት ጀምረው አቋርጠዋል» ቢላት፣ «ከሌላ ሰው ጋር ተምታቶብዎት ነው» ብላ ተቆጣችው። ባሏ ያኔ አንደበቱ ተይዟል።

አሁን ተነሥታ ወደ ሴትየዋ ሄደች። እህትየዋ ክንዷን ያዝ አድርጋ፣ «ኧረ በሰው ፊት አታዋርጂን!» ብትላትም አልሰማቻትም።

«ከየት ነው የምታውቂው?»

ወጣቷ ብድግ አለች። «እግዜር ያጽናዎት። ነርስ ነኝ፣ የቲቢ ሕክምና ላይ ነው የምሠራው። በአካል አላውቃቸውም።»

ቲቢ የሚለውን ሲሰሙ አንዲት ጎረቤት ሻያቸውን ሳይጨርሱ አስቀመጡት።

«መንግሥት ያወጣው የጤና መተግበሪያ አለ» አለች ነርሷ። «ክሊኒክ ከመመላለስ ብለን ነው፤ ሕመምተኛው ኪኒኑን ሲውጥ በስልኩ ቀርጾ ይልክልናል። የእሳቸውን የማየው እኔ ነበርኩ። እመቤቴ እያሉ ያስቁኛል። ‹ሚስቴ ከሰማች በጭንቀት ትሞትብኛለች፣ ስድን እነግራታለሁ› ይሉኝ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ቪዲዮው ቀረ። መልእክት ብልክ መልስ የለም፤ ብደውል ዝግ ነው። ሰው ብልክባቸው ያስመዘገቡት ሰፈር የራሳቸው አይደለም፤ ሰው እንዳያውቅባቸው ነው መሰለኝ። ትክክለኛው አድራሻ የደረሰኝ ሆስፒታሉ ‹ሞተዋል› ብሎ ሲመዘግብ ነው።» ነርሷ አፍንጫዋን ጠረገች። «ስልካቸው ምን እንደሆነ ያውቃሉ?»

ሚስቱ አፏን ከፈተች።

«ከእጁ ወድቆ ተሰብሮበት ነው፣ ምስኪን ወንድሜን» አለች እህትየዋ ከኋላ። ያኔ እሱ የነገራት እንደዚያ ነው።

ለሚስቱ ወንበር ሳቡላት፤ አልተቀመጠችም።

«ቪዲዮው አለሽ?» አለች በመጨረሻ። «አንዴ ልየው።»

«የለኝም፣ እናቴ። አይቼ ካረጋገጥኩ በኋላ መተግበሪያው ራሱ ያጠፋዋል። አሠራሩ ነው።»

«እሺ እንዴት ነበር የሚውጠው? አሳዪኝ።»

ነርሷ ዙሪያዋን አየች። የሌለ ብርጭቆ አነሣች፤ ራሷን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ ዋጠች። ከዚያ ኪኒኑ መዋጡ እንዲታይ እንደሚደረገው፣ አፏን በሰፊው ከፍታ ምላሷን አነሣች።

ሚስቱ ተጠግታ ወደዚያ ባዶ አፍ ውስጥ ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ እጇን ዘርግታ የነርሷን አገጭ በመዳፏ ደገፈችው፤ እንዳያማት ተጠንቅቃ፣ ቀስ ብላ አፏን ገጠመችላት።