«አለ» ሲጠብቅ

ሰው ለምን እንደማይወደኝ አውቃለሁ። በትምህርት ቤታችን የቴሌግራም ግሩፕ አንዱ መምህር «እንኳን አደረሳቹ» ብሎ ከጻፈ፣ ሌላው «አሜን» ሳይል እኔ «አደረሳችሁ» ብዬ አርሜ እጨርሳለሁ። ወልድያ ላይ አማርኛ ሳስተምር ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ «ስለዚ» የሚል ጽሑፍ ሳይ ጥርሴን ያመኛል። የፊዚክሱ መምህር ዓሪፍ «ጋሽ አንዳርጋቸው ትራፊኩ» ይለኛል፣ ፊደል ባለፈ ቁጥር ፊሽካ ስለምነፋ። ይበለኝ። ይህን የማወራው ለጉራ አይደለም፤ ጥፋቱን ከመናገሬ በፊት ያጠፋው ማን እንደሆነ ይታወቅ ብዬ ነው።

ባለፈው ታኅሣሥ፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ መምህራን ክፍል ተቀምጠን ዓሪፍ በአዲሱ ስልኬ ላይ ፌስቡክ ይከፍትልኛል። በአሮጌው ስልኬ ማሳወቂያውን ዘግቼው ነበር። ከስደት በተመለስን ሰሞን የሚመጣው ወሬ ሁሉ እንቅልፍ ስለነሳኝ ዘጋሁት፤ ከዚያ ረሳሁት። ዓሪፍ ሳይጠይቀኝ ከፈተውና ስልኩ ወዲያው ጮኸ።

መስከረም ይታገሱ የምትባል ሴት ለአስተያየቴ ምላሽ ሰጥታለች ይላል። የምን አስተያየት? ነካሁት።

አራት ዓመት የሞላው ጽሑፍ ወጣ። ከላይ የአንድ ወጣት ፎቶ አለ፤ አወቅኩት። በላይ ይታገሱ፣ የግራና ልጅ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ያስተማርኩት። «ወንድማችን የት እንዳለ አናውቅም፤ ያያችሁ በፈጠራችሁ ንገሩን» ትላለች እህቱ። ከሥሩ የእኔ መልስ፦ «በላይን መርሳ አግኝቼው ነበር። ሲሪንቃ አለ።»

አንድ ጊዜ አነበብኩት። ደግሜ ሳነበው እንደ ሌላ ሰው ሆኜ አነበብኩት።

በላይን መርሳ ያገኘሁት እህቱ ይህን ከመለጠፏ አራት ወር ቀደም ብሎ፣ ፍልሰታ በገባ ሰሞን፣ ከወልድያ ስንሸሽ ነው። እኔ ሰው በሰው ላይ በተጫነበት አይሱዙ ላይ ሆኜ ወደ ደሴ እሄዳለሁ፤ እሱ ሰው እየገፋ ወደመጣንበት ይመለሳል። «አንተ በላይ! ወዴት ነህ?» ብዬ ጮህኩ። «ሲሪንቃ!» አለ። መኪናው ተነሣ። ሌላ የማውቀው ነገር የለም። ኔትወርክ ሲመለስ ፎቶውን አየሁና ያለኝን ጻፍኩ። ሲሪንቃ፣ አለ። ላልቶ፤ እንዲህ ብሎ መለሰልኝ ለማለት። ቀኑን አልጻፍኩም፤ ማንን ጠይቄ ምን እንደመለሰልኝም አልጻፍኩም። ለሃያ ስድስት ዓመት «ሲጠብቅና ሲላላ» እያልኩ ልጆች ሳስጨንቅ የኖርኩ ሰው፣ ያቺን ሁለት ፊደል እንዴት እንደሚያነቧት አላሰብኩም።

«ምን ሆንክ? ወላሂ ፊትህ ጠቆረ» አለ ዓሪፍ።

«አንብብልኝ» ብዬ ስልኩን ሰጠሁት። ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። አጠበቀው። ሰው ሁሉ እንደሚያጠብቀው አጠበቀው፤ ሲሪንቃ ይገኛል ሆነ።

ከታች የመስከረም ምላሾች ተደርድረዋል። የመጀመሪያው በዚያው ዕለት የተጻፈ ነው፦ «እግዜር ይስጥልን ጋሼ! እማዬ እልል አለች። ሲሪንቃ የት ጋ ነው ያለው?» ከሁለት ቀን በኋላ የስልክ ቁጥሯን ጽፋ «ባክዎ ይደውሉልን» ትላለች። ከሳምንት በኋላ፦ «ሲሪንቃን ቤት ለቤት ዞርን፤ የለም።» በዓመቱ፦ «እማዬ ሲሪንቃ አክስቴ ቤት ገብታለች። መንገድ ዳር ብርቱካን ትሸጣለች፤ አለሚቱ ብሎ የጠየቀ ሁሉ ያገኛታል። መምህሩ አለ ብሏል፣ አንድ ቀን በዚህ ያልፋል ትላለች።» የመጨረሻው የትናንት ነው፦ «ጋሼ፣ ይህን ያዩት እንደሆነ። የእማዬ ዕንቅርት ትንፋሽ ከልክሏታል። ለሐሙስ ደሴ የኦፕራሲዮን ቀጠሮ አላት፤ ሦስተኛ ቀጠሮዋ ነው። ሐኪሙ ከዚህ በኋላ ካለፈ ያሰጋል ብሏል። በሌለሁበት ቢመጣስ ብላ እምቢ አለች። እርስዎ ቢነግሯት ትሰማለች።»

ዓሪፍ አንብቦ ሲጨርስ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በጀርባው አስተኛው። «ለልጅቱ ደውልላት» አለኝ።

ስልኩ ፊቴ ነበር። ግን ለልጅቱ ብነግራት፣ ለእናቷ የምትነግረው እሷ ልትሆን ነው። እኔ አጥፍቼ እሷ ትናገርልኝ? የከሰዓቱን ክፍለ ጊዜ እንዲይዝልኝ ለምኜው ወደ መናኸሪያ ሄድኩ።

የመርሳ ሚኒባስ እስኪሞላ የጠበቅኩትን ያህል በሕይወቴ የጠበቅኩ አይመስለኝም። የባለቤቴ ቤተሰቦች መርሳ ስለሆኑ በዚህ መንገድ በወር ሁለት ጊዜ እመላለሳለሁ። ገና ከከተማው ሳንወጣ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሲሪንቃ ላይ መኪና በቆመ ቁጥር አንዲት ብርቱካን ሻጭ ሴትዮ መስኮት ላይ ይለጠፋሉ። ሌሎቹ ሻጮች ብርቱካኑን ወደ ላይ ያነሣሉ፤ እኚህ ሴትዮ ግን የተሳፋሪውን ፊት አንድ በአንድ ያያሉ። ዓምና ትዕግሥቴ አልቆ «እማማ፣ ብርቱካን ነው የሚሸጡት ወይስ ሰው ነው የሚመርጡት? መስኮቱን ይልቀቁልን!» ብያቸዋለሁ። ተሳፋሪው ስቆ ነበር። እኔም ስቄያለሁ።

በመንገዱ ሙሉ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ለምን አልዋሽም? «በላይን ደሴ አየሁት» ብላቸው ዛሬውኑ ይሄዳሉ፤ ይታከማሉ፤ ይድናሉ። ከዚያስ? ከዚያ ደሴ መናኸሪያ በር ላይ ብርቱካን ይዘው ይቀመጣሉ። መኪናው ሲሪንቃ ሲደርስ ገና አልቆረጥኩም ነበር።

እሳቸው ነበሩ። አንገታቸውን በሻሽ ጠቅልለውታል፤ ሲራመዱ ትንፋሻቸው ያፏጫል። ከመኪናው ወርጄ ፊታቸው ቆምኩ።

«ብርቱካን ይግዙኝ ጌታዬ፣ አሁን የተለቀመ ነው» አሉኝ። ዓይናቸው በትከሻዬ አልፎ የኋላውን ወንበር ያያል።

«እማማ አለሚቱ» አልኩ። «አንዳርጋቸው እባላለሁ። መምህር ነኝ።»

የብርቱካኑን ሣህን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ። «አለ ያሉት መምህር?» አሉ። መልስ ሳልሰጥ እጄን ይዘው ሳሙት። ላስለቅቃቸው ብል አቃተኝ። «እኔኮ ባንቱ ቃል ነው ያለሁት። አንቱ ባይኖሩ ይሄኔ አፈር በልቶኝ ነበር። አዩት? ዛሬ እሱን ሊነግሩኝ ነው የመጡት አይደል?»

ውሸቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እውነቴን ነው፣ ምላሴ ላይ ነበር።

«እማማ፣ እኔ ያን ጊዜ የጻፍኩት፣ አለ ማለቴ አልነበረም። አለ ማለቴ ነው።»

ወረቀት ላይ ሳሰፍረው ያው ነው። በአፌ ግን የፊተኛውን አጥብቄ የኋለኛውን አላልቼ ነው ያልኩት። እማማ አለሚቱ ፊደል አልቆጠሩም፤ ጆሯቸው ግን ከተማሪዎቼ ሁሉ ይበልጣል። እጄን ለቀቁኝ።

«ምን አለ?» አሉ። አላልተው።

«ሲሪንቃ አለ። ወዴት ነህ ብዬው ነው። እኔ መኪና ላይ ነበርኩ፣ እሱ በእግሩ ነው።»

«መቼ?»

«ስንሸሽ። ፍልሰታ በገባ ሰሞን። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም እማማ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ምንም አላውቅም።»

«ፍልሰታ» አሉ። አስፋልቱን አዩ። የእኔ መኪና ተሳፋሪ ጭኖ ሄደ። «ፍልሰታ እኮ እኔ እዚህ ነበርኩ። እህቴ ታማብኝ ላስታምማት መጥቼ። ተኩሱ ሲሰማ በማሳው በማሳው ይዣት ግራና ገባሁ። እሱ እዚህ መሆኔን ነው የሚያውቀው፤ ስልክ የለ።» ሻሻቸውን በእጃቸው ላላ አደረጉት። «እኔን ሊወስድ ነው የተመለሰው። ሰው ሁሉ ሲሸሽ ልጄ እኔን ሊወስድ ተመለሰ።»

ይጮኻሉ ብዬ ነበር። አልጮኹም። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ጥለቱን ወደ ላይ አዙረው፣ አዘቅዝቀው፣ ለበሱት። አራት ዓመት ሙሉ እምቢ ያሉትን ሐዘን እዚያው መንገድ ዳር ለበሱት። እኔ አለቀስኩ፤ እሳቸው አላለቀሱም።

«ፈርቶ ነበር?»

«አልፈራም። ቸኩሎ ነበር። ጮክ ብሎ ነው ያለኝ፣ እየሮጠ።»

«እንዴት አድርጎ? እስቲ በለው።» አንቱታው ቀረ። «የመጨረሻውን ድምፁን የሰማኸው አንተ ነህ። በለው።»

«ሲሪንቃ!» አልኩ። ጎልማሳ ሰውዬ መንገድ ዳር ቆሜ ጮህኩ፤ ሌሎቹ ሻጮች ዞረው አዩኝ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

«አራት ዓመት» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «የስንቱን ሰው ፊት አየሁ። አንተንም አይቼሃለሁ፤ መስኮቱን ይልቀቁ ብለኸኛል።» መሬቱን አየሁ። «ይቅር ብያለሁ አልልህም። ዛሬ አልልህም። ግን አውቀህ ዝም ብትል ኖሮ እዚሁ ታንቄ ነበር የምሞተው።»

«ቀጠሮው ሐሙስ ነው እማማ። አደርስዎታለሁ። ለመስከረምም ደሴ እንድትመጣ እነግራታለሁ።»

ብርቱካኑን ለጎረቤታቸው ሻጭ ሰጥተው ወደ እህታቸው ቤት ገቡ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆዩ። አይወጡም ብዬ ፈራሁ። ሲወጡ የሐኪሙን ወረቀት በፌስታል ይዘዋል። ከወልድያ የሚመጣ የደሴ መኪና ሲቆም፣ እንደ ልማዳቸው መስኮቶቹን አንድ በአንድ ሊያዩ እግራቸው ተነሣ፤ ከዚያ ቆም አሉና በበሩ ገቡ።

«ወዴት ነዎት እማማ?» አለ ረዳቱ።

«ደሴ» አሉ።

መርሳን ስናልፍ ለልጃቸው ላሳውቃት ስልኬን አወጣሁ። «መስከረም፣ ነግሬያቸዋለሁ። እናትሽ ደሴ አሉ» ብዬ ጻፍኩ። ጣቴ መላኪያው ላይ ደርሶ ቆመ። ደግሜ አነበብኩት። አጠፋሁት። ሌላ ጻፍኩ፤ እሱንም አጠፋሁት። እማማ አለሚቱ አጠገቤ ሆነው፣ ትንፋሻቸው እያፏጨ፣ ብርሃን የሚለቀውን ስልክ ያያሉ።

«ለማን ነው?»

«ለመስከረም ነው እማማ። የምጽፍላት ጠፍቶኝ ነው።»

«አትጻፍ» አሉ። «ደውልላት።»

ደወልኩ።