ውሃው እንዳይቆም

«ውሃው እኮ ያ የተመረዘው የኑክሌር ውሃ ራሱ ነው» ይላሉ እማማ ወርቂቱ። «በመርከብ አምጥተው፣ ኦክላንድ ወደብ አራግፈው፣ በቦቴ ሳን ሆዜ አስገቡት። ክንፉና ያቺ ልጅ ቀኑን ሙሉ የሚያንቦጫርቁት እሱን ነው።» መጀመሪያ የተናገሩት እሁድ ከአምልኮ በኋላ፣ ኦክላንድ ቸርቻችን በር ላይ ነበር። ቀጥሎ በሴቶች የጸሎት ግሩፕ ስልክ ደገሙት። ቀጥሎ አላሜዳ ከተማ፣ የአንድ ሕፃን ልደት ላይ፣ ኬክ እየተቆረሰ። በሦስተኛው ሳምንት ወሬው የቦቴውን ጎማ ብዛት ሁሉ ያውቅ ነበር።

ያቺ ልጅ እኔ ነኝ። ስሜ ሐኒ ነው።

እውነቱ እንዲህ ነው። ከፓሲፊክ ማዶ በአደጋ የተጎዳ አንድ የኑክሌር ጣቢያ አለ። ውስጡ ቀልጦ የቀረው ነዳጅ እስካሁን ሙቀት ያወጣል፤ ስለዚህ ውሃ ሳያቋርጥ ይፈስበታል። ውሃው ነዳጁን ሲነካ ይበከላል፣ የተበከለው ወደ ማጣሪያ ይሄዳል፣ የተጣራው ተመልሶ ያቀዘቅዛል። ዙሩ ከቆመ ነዳጁ ይግላል። እኛ ደግሞ ሳን ሆዜ፣ አንድ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ፣ የዚህን ዙር ታናሽ ወንድም ገጣጥመናል። በነዳጁ ፋንታ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ፤ በተበከለው ውሃ ፋንታ የባሕር ጨውና ጨረር የሌለው ሲዚየም የሚባል ንጥረ ነገር የተበጠበጠበት የቧንቧ ውሃ። መርከብ የለም፣ ቦቴ የለም። ጨዉን ከመኪና ላይ በጀርባዬ ያወረድኩት እኔ ነኝ፤ ሃያ ሁለት ከረጢት።

ዲግሪ የለኝም። በዲቪ መጥቼ ኦክላንድ ኤርፖርት ዊልቼር ስገፋ፣ በረራ በዘገየ ቁጥር ስለ ፓምፕ አነብ ነበር። የአገሩ በረራ ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያውቅ ሰው ምን ያህል እንዳነበብኩ ይገምት። የስቴቱን የውሃ ማጣሪያ ኦፕሬተር ፈተና በመጀመሪያው ሙከራ አለፍኩ፤ አጠገቤ የተቀመጠው በኮሌጅ የተማረ ልጅ ለሦስተኛ ጊዜ ነበር የመጣው። ይህን የምናገረው ለጉራ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ናዖድ ግን ሁለት ዲግሪ አለው። እዚሁ የተወለደ፣ አማርኛ ሁሉንም የሚሰማ፣ በእንግሊዝኛ የሚመልስ ኢንጂነራችን ነው። ከእሱ ጋር የምንጣላው በአንድ ነገር ብቻ ነው። ማጣሪያ ሲደፈን ውሃውን ወደ አዲስ ማጣሪያ ማዞር ያስፈልጋል። ናዖድ ይህን አውቶማቲክ ቫልቭ ይሥራው ይላል። እኔ ሰው ይሥራው እላለሁ፤ የተጎዳ ጣቢያ ውስጥ መብራት የሚጠፋበት ቀን አለ፣ ሴንሰር የሚዋሽበት ቀንም አለ። ስለዚህ አራት ገጽ የአሠራር መመሪያ ጻፍኩ። ሁለት ሰው ይበቃል፤ አንዱ ላይ የፍሰት መለኪያው ጌጅ ጋ፣ አንዱ ታች ቫልቮቹ ጋ። የላዩ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጠራል፣ የታቹ ያንኑ ቁጥር መልሶ ካልጠራ እጀታ አያዞርም። አዲሱ ሦስት ዙር ሳይከፈት አሮጌው አይዘጋም። በቃ።

ደንበኞቹ፣ የጣቢያው ሰዎች፣ ሠላሳ ቀን አሳዩን አሉ። ሠላሳ ቀን ሙሉ የተጣራው ውሃ ፍሰት በደቂቃ ከሃያ ሊትር በታች ወርዶ አሥር ደቂቃ እንዳይቆይ። ከቆየ ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል። አለቃችን የቀረውን ፊት ለፊት ነገረን፦ ሠላሳው ከሞላ የሐኒ መመሪያ ይሄዳል፣ ሐኒም የጣቢያውን ኦፕሬተሮች ልታስተምር አብራው ትሄዳለች። ካልሞላ እንደገና የሚያስጀምር ገንዘብም ጊዜም የለም፤ በመመሪያው ፋንታ የናዖድ አውቶማቲክ ማሽን ይሸጣል። እኔም ቫልቭ ቅባት ወደ መቀባት እመለሳለሁ ማለት ነው።

ታች ቫልቭ ላይ የሚቆሙት ጋሽ ክንፉ ናቸው። አዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ሃያ ሁለት ዓመት የሠሩ ሰው ናቸው፤ ቧንቧን በጆሮ ነው የሚመረምሩት። ወሬው የጎዳው እሳቸውን ነው። ቸርች ሲገቡ ወንበሩ በግራም በቀኝም ባዶ መሆን ጀመረ። እኔ አጠገቤ ሰው ካልተቀመጠ ቦርሳዬን አስቀምጥበታለሁ። እሳቸው ግን ከሰው ጋር ካልዘመሩ ድምፃቸው አይወጣም።

«ሐኒዬ» አሉኝ በሃያ ስምንተኛው ቀን፣ «እማማ ወርቂቱን አምጥቼ ላሳያቸው። በዓይናቸው ካዩ ይተዉታል።»

«ካዩማ የጎማውን ቁጥር ነው የሚያርሙት።»

«አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን ማጣሪያ ውስጥ ብንከተው ማጣሪያው በአንድ ቀን ይደፈናል።»

«እሺ፣ በሠላሳኛው ቀን ይምጡ። ግን ከምሳ በኋላ። ጠዋት የመጨረሻው ማዞር አለብን።»

«ከምሳ በኋላ» አሉ፣ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው።

የእማማ ልጅ ግን ማውንቴን ቪው ነው የሚሠራው፤ ወደ ሥራ ሲሄድ ጠዋት በመኪናው አምጥቶ መጋዘናችን በር ላይ አወረዳቸው።

በሠላሳኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ እኔ ላይ ጌጁ ጋ ነበርኩ። አሮጌው ማጣሪያ ደክሟል።

«ሃያ ስድስት!»

«ሃያ ስድስት» አሉ ጋሽ ክንፉ ከታች፤ የአዲሱን ቫልቭ መዞሪያ ጎማ አንድ ዙር ከፈቱ።

«ሃያ ዘጠኝ!»

በሐዲዱ ላይ ጎንበስ ብዬ ደገምኩት።

«ሃያ ዘጠኝ ጋሽ ክንፉ!»

መርፌው ወደቀ። ሃያ። አሥራ አራት። ስምንት። ወደ ታች አየሁ። በሩ ተከፍቷል፤ እማማ ወርቂቱ በእሁድ ልብሳቸው፣ ፔርሙዝ ታቅፈው ቆመዋል። ጋሽ ክንፉም ቫልቮቹን ትተው፣ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው፣ ትከሻ እየሳሙ ነው። ግራ፣ ቀኝ፣ እንደገና ግራ።

«እንዴት አደሩ እማማ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው?»

«ጌታ ይመስገን፣ አንተ እንዴት ነህ?»

«ጌታ ይመስገን። ስኳርዎስ?»

ፈረንጅ ቢሆን እጁን ከእጀታው ሳያነሳ «ሃይ» ብሎ ይገላገል ነበር። ትልቅ ሰው በር ላይ ቆሞ ቫልቭ የሚያዞር የእኛ ሰው ግን ገና አልተወለደም። ጋሽ ክንፉ ወደ በሩ ሲሄዱ ደግሞ እጃቸው የለመደውን አደረገ፤ በውሃና ፍሳሽ ዘመናቸው ቫልቭ ሳይዘጉ ተነስተው አያውቁም። ቅርብ የነበረውን፣ የአሮጌውን ማጣሪያ እጀታ፣ ጥርቅም አድርገው ዘግተው ሄዱ። ውሃው በሙሉ አንድ ዙር በተከፈተ ቀዳዳ ሊያልፍ ይታገላል።

ደረጃውን በምን እንደወረድኩ አላውቅም። ናዖድ ከስክሪኑ ሥር፣ ሰዓቱን እያየ ጮኸ፦ «ዋን ሚኒት! ሐኒ፣ ተርን ኦፍ ዘ ሂተር!» ማሞቂያውን አጥፊው ማለቱ ነው።

«ጣቢያው ነዳጁን የሚያጠፋበት ማጥፊያ አለው?»

«ኖ፣ በት...»

«እኛም የለንም!»

የአሮጌውን እጀታ መልሼ ከፈትኩት። ስክሪኑ ላይ ፍሰቱ ተነሳና አሥራ ሰባት ላይ ቆመ። ድንገት ተዘግቶ ሲከፈት ቆሻሻው ውስጡ ተጠቅጥቋል። አዲሱን ያዝኩ፤ ጎማው አልንቀሳቀስ አለኝ። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ የሚመጣው አንገቱ ላይ የሾለከው ውሃ ለቀናት ደርቆ ጨው ጋግሮበታል፤ ነጭ ሆኗል።

«ኦፕን ዘ ባይፓስ!» አለ ናዖድ፤ ማጣሪያውን የሚዘልለውን ቧንቧ ማለቱ ነው።

«ያልተጣራ ውሃ አይቆጠርልንም!»

ጋሽ ክንፉ ነቅተው እየሮጡ መጡ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ትልቁን መፍቻ አንስተዋል።

«አምጪው፣ ላስገድደው።»

«ያስቀምጡት! አንገቱ ከተሰበረ አለቀልን። ጨው ነው፤ ጨው በጉልበት ሳይሆን በትኩስ ውሃ ነው የሚለቀው። ናዖድ፣ ትኩስ ውሃ!»

«ኬትሉ ሦስት ሚኒት ይፈልጋል» አለ፤ በአማርኛ መሆኑ ራሱ ሁኔታው ምን ያህል እንደከፋ ነገረኝ። «ፎር ሚኒትስ ሄዷል።»

«ምንድን ነው የፈለገችው ልጅቱ?» አሉ እማማ ወርቂቱ፤ ከኋላችን መጥተው ቆመዋል።

«ትኩስ ውሃ እማማ።»

«ውሃ የለኝም። ለክንፉ ያፈላሁለት ሻይ ነው ያለኝ፤ ቅርንፉድ አለው።»

«ስኳርስ አለው?»

«ስኳር! በሽተኛ እንደሆንኩ አታውቂም? ቤቴ ስኳር ከገባ አራት ዓመቱ!»

ፔርሙዙን ተቀበልኳቸው። ሻዩን ቀስ አድርጌ በቫልቩ አንገት ዙሪያ አፈሰስኩት። መጋዘኑ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ሸተተ። ነጩ መጀመሪያ ቡናማ ሆነ፣ ከዚያ መንሸራተት ጀመረ። ጋሽ ክንፉ ጎማውን ሁለት እጃቸውን ጭነው፣ በትንሹ ወዲያ፣ በትንሹ ወዲህ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ያወዛውዙታል። ጆሯቸውን ወደ ቧንቧው አስጠግተዋል።

«ሴቨን ሚኒትስ» አለ ናዖድ።

«እዚያ ቆመህ ሰዓት አትቁጠርብኝ። ላይ ውጣና ጌጁን ጥራ!»

«ሚ?»

«ሌላ ናዖድ አለ እዚህ?»

ወጣ። የራሱን ማሽን ሊሸጥ ከሚችልበት ሰዓት ሁለት ደቂቃ ተኩል ሲቀረው፣ የእኔን መመሪያ ሊሠራ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ። ስለዚህ ልጅ ከዚያ ወዲያ ክፉ አልተናገርኩም፤ ወይም ብዙ አልተናገርኩም።

የመጨረሻውን ሻይ አፈሰስኩ። ጎማው ሲጢጥ ብሎ ሩብ ዙር ሄደ።

«ኤይቲን!» ከላይ።

«አሥራ ስምንት!» ጋሽ ክንፉ።

ሌላ ሩብ።

«ናይንቲን!»

«አሥራ ዘጠኝ!»

«ትዌንቲ ዋን! ትዌንቲ ዋን! ሐኒ!»

«ሃያ አንድ» አሉ ጋሽ ክንፉ፣ እንደ ጸሎት ማብቂያ። ስክሪኑ ላይ ሰዓቱ ቆሟል፦ ዘጠኝ ደቂቃ ከሃያ ሁለት ሴኮንድ። ሦስት ዙር እስኪሞላ ቁጥር እየጠራን ከፈትን። አርባ ሊትር ሲደርስ አሮጌውን በእጄ ዘጋሁት፣ በዝግታ፣ በመመሪያው እንደተጻፈው።

እማማ ወርቂቱ የመስተዋቱን ቱቦ ጠጋ ብለው አዩት። ውሃው ጥርት ብሎ ያልፋል።

«ይሄ ነው እንግዲህ?»

«ይሄ ነው።»

«ቦቴውስ?»

«ቦቴ የለም እማማ። የቧንቧ ውሃ ነው። ጨዉን እኔ ነኝ በጀርባዬ ያስገባሁት።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ለዚህ ነዋ እንዲህ የከሳሽው!» ከዚያ ወደ ጋሽ ክንፉ ዞሩ። «አንተስ ምን ሆነህ ነው ያላበህ? ሻይህን ብረት ጠጣብህ።»

ጋሽ ክንፉ ዓይናቸውን ከወለሉ አላነሱም። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ነው» አልኳቸው። «ያላቀቁትም እርስዎ ነዎት።»

በማግስቱ መመሪያዬ ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ። ጋሽ ክንፉን ለመቅጣት ሳይሆን ነገሩ ቀዳዳ ስለነበረው ነው፤ ሰው በሩን ከፍቶ ሊገባ እንደሚችል አላሰብኩም ነበር። ማጣሪያ በሚዞርበት ጊዜ ሦስተኛ ሰው በር ላይ ይቁም፣ የመጣን ይቀበል፣ ሰላም ይበል፣ ወንበር ይስጥ ይላል። ደንበኞቹ ይህን መስመር በስልክ ስብሰባ ላይ ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። «እኛም ጋ ትልቅ ሰው ሲመጣ ይነሣል» አሉና ተቀበሉት።

እሁድ እማማ ወርቂቱ ከጋሽ ክንፉ ጎን ተቀመጡ። ከአምልኮ በኋላ በር ላይ «ውሃው የቧንቧ ነው፣ ያላቀቀው ግን የእኔ ሻይ ነው» ሲሉ ሰማኋቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ሻዩ ሁለት ፔርሙዝ ሆኗል። አላረምኳቸውም።

ውሉ ተፈረመ። መመሪያው በእኔ ስም ታተመ፤ የጉዞ ቀኔ ተቆረጠ። ናዖድ ራሱ በመኪናው ወደ ኤርፖርት ሊያደርሰኝ መጣ፤ የሙከራውን የመጨረሻ ሪፖርት ወፍራም ጥራዝ ከኋላ ወንበር አንስቶ «ለፕሌኑ» ብሎ ጭኔ ላይ ጣለልኝ።

ሰው አባሪ አያነብም። እኔ ግን ከአባሪ ነው የተማርኩት፣ ስለዚህ ከመጨረሻው ጀመርኩ። በሙከራው አሥራ ሁለተኛ ቀን ከደንበኞቹ ለአለቃችን የተላከች ግማሽ ገጽ ደብዳቤ አለች፤ አለቃችን ያን ሳምንት እረፍት ላይ ነበር፣ ማንም አላስተላለፋትም። የጣቢያው ነዳጅ ከአደጋው ወዲህ በነበሩት ዓመታት ሙቀቱ ስለቀነሰ፣ ይላል ደብዳቤው፣ ከዛሬ ጀምሮ ፍሰቱ ከሃያ በታች ወርዶ እንዲቆይ የተፈቀደው ጊዜ አሥር ደቂቃ መሆኑ ቀርቶ ሁለት ሰዓት ሆኗል።