የማርፌላ ማሽን

ኤርሲሊያ ማሽኑን ከማየቷ በፊት ሰማችው።

ከቡና ቤቱ ባንኮኒ ሥር በጀርባዋ ተንጋላ፣ ባትሪዋን በጥርሷ ነክሳ፣ የውሃ ቱቦ እየፈታች ነበር። ባለቤቱ ሳባቲኖ ቤቱን ሊያድስ ስለሆነ ዕቃው ሁሉ ይነሣል ተብሏል። በላይዋ አራት ሰዎች ከምድር ቤት ያወጡትን ከባድ ነገር ዱብ ሲያደርጉት ሲኒዎቹ ተንጫጩ። ከዚያ አንዱ እጀታውን ወደ ታች ስቦ ለቀቀው። እጀታው መጀመሪያ በጉልበት ተወነጨፈ፤ መሃል ላይ ትንፋሽ እንደሚወስድ ሰው ለዘብ አለ፤ የቀረውን መንገድ በእርጋታ ጨረሰ።

ባትሪው ከአፏ ወደቀ።

«ማነው የሳበው?»

«እኔ ነኝ፣ ዶና ኤርሲሊያ» አለ ሳባቲኖ። «አስደነገጥኩዎት እንዴ?»

«ድገመው እስቲ።»

ደገመው። በጉልበት፣ ከዚያ በእርጋታ። ስልሳ ስድስት ዓመት የሞላቸው ጉልበቶቿ እየተንቋቁ ከባንኮኒው ሥር ወጣች።

ባለ ሁለት እጀታ የቡና ማሽን ነበር። ኒኬሉ በምድር ቤት ሻጋታ ጠቁሯል፤ አንደኛው ጎኑ ሰርጉዷል። የሠሪው ስም ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ላይ ሁለት ባዶ የብሎን ቀዳዳዎች ብቻ ቀርተዋል። አጠገቡ ከሚላኖ የመጣው ዶቶር ብራምባቲ ነጭ ጓንት አጥልቆ ቆሟል። ስለ ቡና ማሽኖች ሁለት ወፋፍራም መጻሕፍት የጻፈ፣ የእሱ ቃል በዚህ ሙያ እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ የሚቆጠርለት ሰው ነው።

«ተራ ነገር ነው» አለ ጓንቱን እያወለቀ። «የሃምሳዎቹ፣ የእኛው የሰሜኑ ሥራ። የውጭ ቆርቆሮውን እዚህ የሰፈር ቀጥቃጭ ቀይሮለታል። ለጌጥ ይሆናል፤ እወስደዋለሁ። መኪናው ደጅ ነው።»

«ማርፌላ ነው» አለች ኤርሲሊያ።

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ከሁሉም በላይ የሳቀው ጸጉር አስተካካዩ ዶን ሚሚ ነበር። «ኧረ ጉድ! አኒዬሎ ከመቃብር ተነሣ በሉኛ!»

በናፖሊ ሳኒታ ሰፈር አንድ ሰው የማይመስል ነገር ሲያወራ «ይቺ የአኒዬሎ ማሽን ናት» ይባላል። ያንን ተረት ከእነ ባለቤቱ የምታውቀው ግን ኤርሲሊያ ናት። በአሥራ አምስት ዓመቷ፣ ሴት ልጅ ብሎን ትፈታለች ብሎ የሚያምን አንድም ወርክሾፕ በጠፋበት ዘመን፣ መፍቻ ያስጨበጣት አኒዬሎ ሳርናታሮ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ቶርኩዋቶ ማርፌላ የሚባል ሰው በወደቡ አጠገብ ስድስት ማሽን ብቻ እንደ ሠራ፣ አኒዬሎም በወጣትነቱ አብሮት እንደ ሠራ፣ ቤቱ ከነንድፉ ተቃጥሎ ማርፌላም በኀዘን እንደ ሞተ ይነግራት ነበር። «በሁለት ትንፋሽ ነው የምትወጣው» ይላት ነበር፣ እጁን በአየር ላይ እያነሣ። «መጀመሪያ ቡናውን ትገፋዋለች፤ ኋላ ታባብለዋለች።» ሰው ሲስቅበት አይከራከርም። ዝም ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። እንደ ተሳቀበት ከሞተ ሃያ ዓመት ሆነው።

«ሲኞራ፣» አለ ብራምባቲ በትሕትና፤ ትሕትናው ከሳቁ ይልቅ አሳመማት፤ «ነገሩን በመጽሐፌ መርምሬዋለሁ። ንድፍ የለም፣ ፎቶ የለም፣ ደረሰኝ የለም። የናፖሊ ተረት ነው።»

«ሆዱን ልክፈተው።»

«ከተከፈተ አልወስደውም። ሞላው ስልሳ ዓመት ታፍኖ የኖረ ነው፤ ቢያመልጥዎ ጣትዎን ይዞ ይሄዳል።»

ሳባቲኖ አንዴ ሰውዬውን፣ አንዴ እሷን አየ። «ዶና ኤርሲሊያ፣ ርግጠኛ ነዎት?»

ርግጠኛ አልነበረችም። የያዘችው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ እሱንም የምታውቀው ከሰው አፍ እንጂ ከማሽን ሰምታው አይደለም። ተሳስቼ ከሆነስ? አለች በልቧ። ያኔ አኒዬሎን ለሁለተኛ ጊዜ የምቀብረው እኔው ነኝ፤ ያውም በዚህ ሁሉ ሰው ፊት።

«ክፈቺ በለኝ፣ ሳባቲ።»

«እሺ» አለ ሳባቲኖ፤ ላብ ላብ እያለው። «ይክፈቱት።»

ብሎኖቹ ዝገው ከነሐሱ ጋር አንድ ሆነዋል። ዘይት አጠጣቻቸው፤ በእሳት አሞቀቻቸው፤ እንደ ገና ዘይት። ካለፈው ክረምት ወዲህ የሚንቀጠቀጠው ቀኝ እጇ ዛሬም አልማራትም። ክንዷን ባንኮኒው ላይ ተክላ በሌላው እጇ ደገፈችው። ሳታስበው ብርሃን መጣላት፤ ቀና ስትል ዶን ሚሚ ባትሪውን አንሥቶ ይዞላታል። አሁን አይስቅም።

ሞላውን በማጥበቂያ አፍና ቀስ በቀስ አላላችው። ጥርሷን ነክሳ ትቆጥር ነበር፤ ስንት ላይ እንደ ደረሰች ኋላ ማስታወስ አልቻለችም። በመጨረሻ ውሃውን ቡናው ላይ የሚገፋው ፒስተን ከነሞላው ወጥቶ እጇ ላይ አረፈ፤ ከብዷል፣ የቆየ ቅባት ይሸታል።

ሞላው ወደ ቀኝ የተጠመዘዘ ነበር። በጨርቅ ጠረገችው። በውስጡ ደግሞ ሌላ ሞላ አለ፤ አጠር ያለ፣ ቀጠን ያለ፣ ወደ ግራ የተጠመዘዘ። ሁለቱ እንደ እናትና ልጅ ተቃቅፈዋል፤ ለሁለቱ ትንፋሽ ሁለት ሞላ።

ብራምባቲ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ፣ ጓንቱን ረስቶ በባዶ እጁ ነካው። «በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ሞላ…» ብሎ ተወው።

«ያዙሩት» አለችው።

ፒስተኑን አዞረው። ራሱ ላይ የቶርኩዋቶ ማርፌላ ስም የመጀመሪያ ፊደሎች በመዶሻ ተመትተዋል፤ ቀጥሎ ቁጥር አራት። ከሥሩ፣ ማሽኑን የሚፈታ ሠራተኛ ካልሆነ ማንም ሊያየው በማይችልበት ቦታ፣ አንድ እጅ በምስማር የጫረው ስም ነበር። ብራምባቲ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው፤

«አኒዬሎ።»

ይህን አኒዬሎ ነግሯት አያውቅም። ሳቁ ሁሉ ሲወርድበት «ስሜ ውስጡ አለ» ብሎ አያውቅም። ኤርሲሊያ ባንኮኒውን ያዘች። ከደረቷ የተነሣው ሳቅ ይሁን ልቅሶ ሳይለይላት ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ዶን ሚሚ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ግንባሯን ይስማል፤ ሳባቲኖ ወደ ደጅ እየሮጠ ሾፌሩን «ሂድ! ባዶህን ሂድ! አይሸጥም!» ይለዋል።

ግርግሩ ሲበርድ ብራምባቲ ወደ እሷ ጠጋ አለ። ፊቱ ገርጥቷል።

«አኒዬሎ ደብዳቤ ጽፎልኝ ነበር» አለ። «ሦስት ገጽ፣ በእርሳስ። የሞላዎቹን ሥዕል ጭምር። አልመለስኩለትም።»

ኤርሲሊያ ልትሰድበው የምትችልበት ቃል ሞልቷታል፤ ናፖሊ ለዚህ ቃል አትቸገርም።

«ደብዳቤው አለ?»

«አለ። አንድም ወረቀት አልጥልም።»

«እንግዲያውስ አሁን ይመልሱለታ» አለችው። «በመጽሐፍዎ ላይ። ከነሙሉ ስሙ።»

ብራምባቲ እስክሪብቶውን አወጣ። «ሳርናታሮ» አለ እየጻፈ፤ «በአንድ ቲ ነው?»

«በአንድ።»

እጇን ሳትታጠብ ወጣች። የቀትር ፀሐይ ጠባቡን መንገድ ሞልቶታል፤ ወሬው ግን ቀድሟት በየሰገነቱ ደርሷል፤ ከላይ «ዶና ኤርሲሊያ! እውነት ነው?» ይሏታል። እሷ በመዳፏ ብቻ እየመለሰች የአኒዬሎ ልጅ ቲቲና ወደምትኖርበት ፎቅ ታጠፈች። ቲቲና የአባቷ ተረት ሲነሣ ከሰው መሃል ተነሥታ የምትሄድ፣ ከጊዜ በኋላም ከሰው መሃል መግባቱን ጨርሶ የተወች ሴት ናት። ኤርሲሊያ አራቱን ፎቅ ሳታርፍ ወጣችው፤ በሩን በክርኗ ደበደበችው።

ቲቲና በነጠላ ጫማ፣ የኩሽና ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጥላ ከፈተች። የኤርሲሊያን የጠቆሩ እጆች፣ በእንባና በቅባት የተዥጎረጎረ ፊቷን አይታ ደነገጠች።

«በቅድስት ማዶና! ምን ሆነሽ ነው? ማን ሞተ?»

ኤርሲሊያ ትንፋሿ እስኪመለስ የበሩን መቃን ተደገፈች።

«ማንም አልሞተም» አለች። «ጫማሽን አድርጊ።»