የጋሽ ኪራኮስ ሽኝት

ዓባይነህ ተመልካች መቁጠር የጀመረው ከአምስት ዓመት በፊት ነው፤ ባይጀምረው ይሻለው ነበር። ጮራ የሚባለው የእሑድ እግር ኳስ ክለብ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ከአንድ ትምህርት ቤት ጀርባ ባለው ሜዳ በተጫወተ ቁጥር፣ ከብረት መቀመጫው ጫፍ ቆሞ በጣቱ ይቆጥራል። አንድ ጊዜ ሠላሳ አንድ ሞልቶለት ነበር። ቆይቶ ሲያጣራ ስምንቱ የተጋጣሚው ቡድን ቤተሰቦች፣ ሁለቱ ደግሞ ውሻ ሊያንሸራሽሩ የወጡ ባልና ሚስት ሆነው ተገኙ። ውሻውን አልቆጠረውም፤ እዚያ ድረስ አልወረደም።

ጮራ ደመወዝ የሚከፈለው ተጫዋች የለውም። ተከላካዮቹ ከሌሊት ሥራ በቀጥታ ነው የሚመጡት፤ አንደኛው በእረፍት ሰዓት መኪናው ውስጥ ገብቶ ትንሽ ሳያሸልብ ሁለተኛውን አጋማሽ አይጀምርም። ዓባይነህ ራሱ ሄርንደን አካባቢ ከኤርፖርት ወደ ሆቴል መንገደኛ ያመላልሳል፤ ለክለቡ ደግሞ ጸሐፊ፣ ማልያ አጣቢና ቆጣሪ ነው። ክለቡን ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ያቋቋሙት አሰልጣኙ ጋሽ ኪራኮስ ናቸው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ሚስትም ልጅም የላቸውም፤ ሪቨርዴል ፓርክ ውስጥ አንዲት ቤዝመንት፣ የምድር ቤት ክፍል፣ ተከራይተው ይኖራሉ።

ዓባይነህ ለእኚህ ሰው ያለው ነገር ከኳስ ያለፈ ነው። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ዲቪ ደርሶት መጥቶ አሌክሳንድሪያ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሲሠራ፣ አንድ የማያውቁት ሰው መኪናቸውን አቁመው "ኳስ ትወዳለህ? እሑድ ሜዳ ና" አሉት። ሄደ። በሁለተኛው እሑድ ግን ቀረ። ሰኞ ጠዋት ጋሽ ኪራኮስ ከሜሪላንድ ድረስ ነድተው መጡና በቲኬት መስኮቱ አንገታቸውን አስገብተው "ትናንት ቀረህ፤ ምን ሆንክ?" ብለው ጠየቁት። በዚህ አገር አንድ ሰው መቅረቱን ልብ ብሎ ሲጠይቀው ያ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ወዲህ አልቀረም።

እንግዲህ በመስከረም የሊጉ ደብዳቤ ሲደርሰው እንዴት እንደሆነ መገመት አያቅትም። ነገሩ አጭር ነበር፤ ጮራ በሜዳው በሚያደርገው የመጨረሻ ጨዋታ መቶ ሃምሳ ተመልካች ካላመጣ ከሊጉ ይሰናበታል፤ ሜዳውም ለሌላ ክለብ ይሰጣል። ጋሽ ኪራኮስ ደብዳቤውን አንብበው አጠፉትና "እንግዲያው ፊሽካዬን እሰቅላለሁ" አሉ። ዓባይነህን ያስፈራው ይኸው ነው፤ ሰውየው ከእሑድ በቀር ሌላ ቀን እንደሌላቸው ያውቃል። እሱም ቢሆን የለውም።

ያላደረገው ነገር አልነበረም። በየምግብ ቤቱና በየባልትናው በር ፖስተር ለጠፈ። ለመጣ ሁሉ ጥብስ በነጻ ብሎ አስነገረ፤ ጥብሱን ተጫዋቾቹ በሉት። የሚያናድደው ደግሞ ሰው ጠፍቶ አለመሆኑ ነው። ያው ሕዝብ ለቅሶ ሲባል በረዶ እየጣለ አራት መቶ ሆኖ ይወጣል። ለጨዋታ ሲጠሩት "ሥራ ነኝ" የሚለው ሁሉ ለለቅሶ የሥራ ፈረቃ ለውጦ፣ የታሸገ ውኃ በካርቶን ተሸክሞ ይደርሳል። ምክንያቱ ለዓባይነህ ግልጽ ነበር፤ ከለቅሶ የቀረ ይታወቅበታል፤ ከጨዋታ የቀረን ግን ማን ይጠይቀዋል?

ጨዋታው ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ፣ ኤርፖርት ተራ እየጠበቀ በስልኩ ማስታወቂያ ጻፈ። ሰዉ ለክለቡ ባይመጣ ለሰውየው ክብር ይመጣል ብሎ ነው። "የአንጋፋው አሰልጣኝ የአቶ ኪራኮስ የመጨረሻ ሽኝት እሑድ በ2 ፒኤም በጮራ ሜዳ ስለሚከናወን ሁላችሁም እንድትገኙ በአክብሮት እንጠይቃለን" አለ። እሱ ጡረታቸውን ማለቱ ነው። ፎቶ ሲፈልግ ያገኘው የጥንት የፓስፖርታቸውን ጥቁርና ነጭ ነበር፤ እንዲያምር ብሎ ስልኩ ካቀረበለት ክፈፍ ባለ ነጭ አበባውን መረጠለትና ለሚያውቃቸው ሁሉ ላከው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ከስልክ የወጣ ደግሞ አፋፉንም ተሻግሮ ይሄዳል።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ወይዘሮ ባዩሽ ደወሉ። ወይዘሮ ባዩሽ የእድሩ ጠሪ ናቸው፤ ጡሩምባ አይንፉ እንጂ የእሳቸው ስልክ ከጡሩምባ ይበልጣል።

"አንተ ዓባይነህ! ምን ጉድ ነው የምሰማው? ታሞ ነበር እንዴ?"

"ጉልበታቸውን ያማቸው ነበር፣ እትዬ" አለ፣ ስለ ጡረታው የጠየቁት መስሎት።

"አይ የሰው ነገር! ከጉልበት ተነሥቶ እዚህ ደረሰ?" ብለው ማልቀስ ጀመሩ። "ነፍሱን ይማር። ደግ ሰው ነበር።"

ዓባይነህ የዚያን ጊዜ ገባው። ማስታወቂያውን ደግሞ አየው፤ ሽኝት፣ የመጨረሻ፣ ጥቁርና ነጭ፣ አበባ። ሊናገር አፉን ከፈተ።

"ፕሮግራሙን ሜዳው ላይ ማድረጋችሁ ደግ ነው፤ የኖረው እዚያ ነው" አሉ ወይዘሮ ባዩሽ ሳይጠብቁት። "እኔ እድሩን በሙሉ ኮል አደርጋለሁ። ሁለት መቶ ሰው አያንስም።"

ሁለት መቶ። የተከፈተው አፉ ተመልሶ ገጠመ።

"በሁለት ፒኤም ነው አይደል?"

"አዎ" አለ ዓባይነህ። "በሁለት ነው።"

አልዋሸሁም እያለ ራሱን ሸነገለ። ሽኝት አልኩ፣ ሽኝት ነው፤ ሰዓቱን ጠየቁኝ፣ ሰዓቱን ነገርኩ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ዓባይነህ ግን አፉን ዘግቶ ዝንቡን ሆዱ ውስጥ አስቀረው፤ ዓርብንም ቅዳሜንም ሲጮህበት ዋለ። የለቅሶው ቤት የት ነው ብለው ለደወሉ ሁሉ "ሜዳው ላይ ነው" አለ። ነገሩ ጋሽ ኪራኮስ ጆሮ አልደረሰም፤ እሳቸው ሲደወል ከማንሣት በቀር ለሌላ የማትሆን አንዲት አሮጌ ስልክ ብቻ ናት ያለቻቸው፤ ለሞተ ሰው ደግሞ ማን ይደውላል? ቅዳሜ ራሱ ዓባይነህ ደወለ፤ ሊነግራቸው ነበር። "ሃሎ" ሲሉ ድምፃቸውን ሰምቶ ስለ ጉልበታቸው ጠይቆ ዘጋው።

እሑድ ከ1፡30 ፒኤም ጀምሮ መኪና መንገዱን ሞላው። ሴቶቹ ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ በሙሉ ልብስ፣ ውኃ በካርቶን ተሸክመው ወደ ሜዳው ወረዱ። ማንም የሚቀመጥበትን ስላላወቀ መቀመጫው ላይ በዝምታ ተደረደሩ። ከአሌክሳንድሪያም መጥተዋል። ፉአድ ሳይቀር መጣ። የጮራ አጥቂ የነበረው ፉአድ፣ ጋሽ ኪራኮስ በዋንጫ ጨዋታ ቀን ከሰልፍ ስላስወጡት አኩርፎ ከሄደ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አሁን ዓይኑ ቀልቶ፣ ብቻውን፣ ከመረቡ ኋላ ቆሟል። ተጫዋቾቹ ማልያቸውን ለብሰው እርስ በርስ ይተያያሉ። የሊጉ ተወካይ፣ መነጽር ያደረገች ነጭ ሴት፣ በእጇ መቁጠሪያዋን ጠቅ ጠቅ ታደርጋለች። ዓባይነህ መቁጠር አላስፈለገውም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕዝቡ ከጣቱ በልጦ ነበር። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ግን ጋሽ ኪራኮስ በየት ይመጣሉ እያለ መንገድ መንገዱን ያይ ነበር።

ለ2 ፒኤም አሥር ደቂቃ ሲቀረው ጋሽ ኪራኮስ የኳስ ከረጢታቸውን በትከሻቸው አንጠልጥለው ከላይ ብቅ አሉ። ሕዝቡን አዩ። ጥቁሩን አዩ። ከረጢቱን ቀስ ብለው መሬት አኖሩና ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው አንገታቸውን ደፍተው በዳር በኩል ወደ ዓባይነህ መጡ።

"ማን ነው የሞተብን?" አሉ በሹክሹክታ። "ምነው ሳትነግረኝ? ጥቁር እንኳ አልለበስኩም።"

"እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ።"

የዚያን ጊዜ ወይዘሮ ባዩሽ አዩዋቸውና "በስመ አብ!" ብለው ጮኹ። ሰዉ ሁሉ ብድግ አለ። ገሚሱ አማተበ፣ ገሚሱ ሳቀ፣ አንዳንዱም ሁለቱንም አንድ ላይ አደረገ። ወይዘሮ ባዩሽ እየሮጡ ወርደው የጋሽ ኪራኮስን ፊት በሁለት እጃቸው ዳሰሱ፤ ሙቀቱን ሲያረጋግጡ ወደ ዓባይነህ ዞሩ።

"አንተ! ሦስት ቀን ነው ያለቀስኩት! ሰው በቁሙ ይቀበራል? እንባዬን መልስልኝ!"

ዓባይነህ በስሕተት ነው የጻፍኩት፣ ካወቅሁ በኋላ ግን ዝም ያልኩት ሆን ብዬ ነው አለ፤ ሁሉም እየሰማ ነው ያለው። የተናደዱት ውኃቸውን ተሸክመው መሄድ ጀመሩ፤ የመኪና በር ሲጋጭ ይሰማል። ፉአድ ግን ወደ ሜዳው ገብቶ ከአሰልጣኙ እግር ሥር ወደቀ። ጋሽ ኪራኮስ በትከሻው ይዘው አነሡት።

"እስክሞት ነበር የምትጠብቀው?"

"አዎ፣ ጋሼ" አለ ፉአድ እያለቀሰ።

ጋሽ ኪራኮስ እጁን እንደያዙ ወደ ዓባይነህ ተመለከቱ። "መቼ አወቅህ?"

"ሐሙስ።"

"ዛሬ እሑድ ነው" አሉና ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አጥልቀው ተጫዋቾቹን ሊያሟሙቁ ሄዱ። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። አንድ እሑድ ስለቀረ አሌክሳንድሪያ ድረስ ነድተው የመጡለትን ሰው፣ እሱ በቁማቸው ሦስት ቀን ገድሎ አቆያቸው።

ጨዋታው ተጀመረ። የሊጉ ተወካይ መጥታ ወረቀቷን ዘረጋችለት፤ ሁለት መቶ ሰማንያ ሰባት ይላል። ፈርም አለችው። ዓባይነህ ብዕሩን ይዞ ቆየና ሰዎቹ የመጡት ለለቅሶ መሆኑን ነገራት።

"መጥተዋል አይደል? ቁጥር ቁጥር ነው" አለች ትከሻዋን ነቅንቃ።

"ጨዋታው ሲያልቅ ድጋሚ ቁጠሪልኝ" አላት። "ሰውየው እንዳልሞቱ አውቀው የቆዩትን ብቻ።"

እርግጠኛ ነህ ወይ ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችው። ጮራ ሁለት ለአንድ ተሸነፈ። ቀሪው ሰው ሲቆጠር መቶ አርባ ሦስት ሆነ። ዓባይነህ ፈረመ፤ ጮራም በሰባት ሰው ጎድሎ ከሊጉ ወጣ።

ሰው ሁሉ ሲሄድ ሁለቱ እንደ ወትሮው የማዕዘን ባንዲራዎቹን ነቀሉ።

"ሴትዮዋ ነገረችኝ" አሉ ጋሽ ኪራኮስ። "አስደግመህ ማስቆጠርህን።"

"ክለቡን ገደልኩት፣ ጋሼ።"

"አንተ የገደልከው ሁሉ ሲሞት አላየሁም" አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። "መቶ አርባ ሦስት ሰው መኖሬን አውቆ ተቀመጠልኝ። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። ፔትዎርዝ ውስጥ ማንም የሚጫወትበት ሜዳ አለ፤ ሊግ አይጠይቅም። ለእሑድ ጥራቸው።"

"እኔን ከእንግዲህ ማን ያምነኛል?"

"ማንም አያምንህም። እውነት ብሞት እንኳ አያምኑህም" አሉ ባንዲራዎቹን እያሸከሙት። "ስለዚህ በየሳምንቱ እየመጡ ራሳቸው ይዩኝ።"

ሐሙስ ዓባይነህ ጻፈ። "አሰልጣኝ ኪራኮስ አልሞቱም። እሑድ በ2 ፒኤም ፔትዎርዝ ሜዳ ያጫውታሉ።" ፎቶም አበባም አላደረገበትም። ከዚያ በፊት ሰኞ ደግሞ የመጨረሻው ፊሽካ ሳይነፋ ለሄዱት አንድ በአንድ እየደወለ ይቅርታ ጠይቆ ነበር፤ ስድብ ያልቀመሰው ከአንድ ሁለቱ ብቻ ነው።

እሑድ ፔትዎርዝ መቀመጫ የሌለው ሜዳ ዳር ቆሞ መቁጠር ጀመረ። ሠላሳ ላይ ሲደርስ ፉአድ ማልያ ለብሶ ከመኪናው ወረደ፤ ተጫዋች ይሁን ተመልካች ሳይለይለት ቁጥሩ ጠፋበትና ተወው። ወይዘሮ ባዩሽ ውኃቸውን በካርቶን ታቅፈው መጡ፤ ነጭ ነው የለበሱት። አሁንም አኩርፈውታል።

"አለ?" አሉት።

"አሉ፣ እትዬ።"

"አንተን አላምንም" አሉና አልፈውት ወደ ሜዳው ወረዱ። "ራሴ ልየው።"