በቡሌ መንገድ ላይ የቆመችው

«እሷ አይደለችም፣ ጋሽ ግዛቸው» አለ ሾፌሩ ታረቀኝ።

ሠዓሊው ግዛቸው ብሩሹን በጨርቅ ጠረገና ጣውላውን ወደ ብርሃኑ አዞረው። እመቤታችን በሰማያዊ መጎናጸፊያዋ ተከናንባ በትልልቅ ዓይኖቿ ሁለቱንም ታያቸዋለች። እንከን የላትም። በልጅነቱ ጎጃም ሳለ ከመሪጌታው ከተማራት ጊዜ አንስቶ እጁ ያለ እሱ ፈቃድ ይሥላት ነበር። ዲላ ከመጣ ወዲህ ለመጠጥ ቤቱ አንበሳ፣ ለአውራጃው ቢሮ ጃንሆይን፣ ለልብስ ሰፊው መቀስ ሥሏል። የራሴ የሚለውን ሥዕል መቼ እንደ ሠራ ግን ማስታወስ ትቷል። አንዳንድ ቀን ባዶ ጣውላ ፊት ተቀምጦ ይውልና ሲመሽ ጣውላውን መልሶ ከግድግዳው ያስደግፈዋል።

ታረቀኝ የፈለገው በጭነት መኪናው፣ በኤንትሬው በር ላይ የምትሣል አንዲት ሴት ነበረች። በክረምቱ መግቢያ ገብስ ጭኖ ከቡሌ ሲወርድ፣ ነጭ ነገር የተከናነበች ሴት ጉሙ መሐል እጆቿን ዘርግታ መንገዱ ላይ ቆማ አየ። መሪውን ጠመዘዘ፤ መኪናው ከዳገቱ አፈር ጋር ተላተመና ቆመ። ወርዶ ሲፈልጋት የለችም። እሷ ከቆመችበት አለፍ ብሎ ግን መንገዱን ጎርፍ ገምሶት ወደ ገደሉ ወርዷል። «እመቤቴ ናት ያተረፈችኝ» ብሎ ለዲላ ሰው ሁሉ ተናገረ። መኪናው ከተጠገነ ቆይቷል፤ እሱ ግን ጋቢናው ውስጥ እግሩን አላስገባም። ሥዕሏ በሩ ላይ ካልዋለ አልነዳም አለ። የተሣለችለትን ሁሉ ደግሞ «እሷ አይደለችም» እያለ ይመልሳል።

«እንግዲያው ቦታውን አሳየኝ» አለ ግዛቸው።

«ቦታው ምን ያደርግልሃል? መንገድ ነው።»

«ያላየሁትን አልሥልም።»

ዕድሜውን ሙሉ ያላየውን ሲሥል ኖሮ፣ ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱም ደነገጠ።

ወደ ቡሌ በምትወጣ የሌላ ሰው መኪና ተሳፈሩ። ዲላን ሲለቁ ፀሐዩ የቡናውን ቅጠል ያብለጨልጨው ነበር። መንገዱ ከፍ ባለ ቁጥር ቡናው እየሳሳ፣ እንሰቱ እየበዛ፣ አየሩም እየቀዘቀዘ ሄደ። ከዳገቱ ሥር ወርደው በእግር ሲጀምሩ ጉሙ ከሸለቆው ቀስ እያለ ወጥቶ ተቀበላቸው። አጥሩ ጠፋ፤ የሣር ቤቶቹ ጠፉ፤ ጭሳቸው ብቻ ሸተተ። አንድ በሬ ከየት እንደሆነ ሳይታወቅ አገሣ። ግዛቸው እንቅልፍና ንቃት መሐል እንደሚራመድ ሰው ሆነ። የገዛ እግሩ ድምፅ ከሩቅ የሚመጣ መሰለው።

ታረቀኝ ድንገት ቆመና መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ከዚህ ወዲያ እግሬ አይሄድም።»

ግዛቸው ፊቱን አየው። ተአምር ያየ ሰው ፊት አልነበረም።

«ያን ዕለት ወርደህ ገደሉን አይተኸዋል?»

«ጉም ነበር» አለ ታረቀኝ መሬት መሬቱን እያየ። «ከታች ምንም አይታይም። ተጣራሁ። ደጋግሜ ተጣራሁ፤ ማንም አልመለሰልኝም።»

ያን ጊዜ ግዛቸው ገባው። ይህ ሰው በየሥዕሉ ፊት የሚርበተበተው ያቺ ሴት እመቤታችን ካልሆነች እሱ ገደል የጨመራት ሴት ልትሆን እንደምትችል ስለሚያውቅ ነው። ትከሻውን ነካ አድርጎት ብቻውን ወደ ላይ ወጣ።

ተገምሶ የነበረው መንገድ በድንጋይና በአፈር ተሞልቷል። ግዛቸው ጫፉ ላይ ቆሞ ወደ ታች ቢያይ ነጭ ነገር ብቻ ነው። ከነጩ ውስጥ ጥቂት የእንሰት ቅጠሎች አረንጓዴ ጫፋቸውን ብቅ አድርገው ይወዛወዛሉ። ተመልሶ ታረቀኝን ምን ይለዋል?

«መንገድ ጠፍቶህ ነው?» አለ ከኋላው የሴት ድምፅ።

ነጭ ቡሉኮ የተከናነበች፣ የእንሰት ቅጠል እስር የተሸከመች የጌዴኦ ሴት ናት። እድሜዋ ገፋ ብሏል፤ እግሮቿ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው በጭቃ ተነክረዋል። ግዛቸው በክረምቱ መግቢያ እዚህ የተጋጨ መኪና አይታ እንደሆነ ጠየቃት።

ሳቀችና በተሰባበረ አማርኛ መለሰች። «አየሁ እንጂ! ቤቴ እዚህ ታች ነው። ሌሊት ዝናብ መንገድ ቆረጠች። ጠዋት መኪና ስትመጣ ሰማሁ። ሮጥኩ፣ እጄን እንዲህ አደረግሁ።»

እስሩን መሬት ላይ ጥላ ሁለት እጆቿን ዘረጋች። ቡሉኮው ከትከሻዋ ተንሸራተተ። ጉሙ በሻካራ ጣቶቿ መሐል እያለፈ ወደ ጠብታ ተለወጠ፤ ጠብታውም በክንዷ ላይ ወረደ። ወርቅ የለ፣ አክሊል የለ። አንዲት ሴት፣ ከኋላዋ ገደል፣ ከፊቷ የማታየው መኪና።

«መኪና ወደኔ መጣች፤ ዘለልኩ» አለች ወደ ታች እያመለከተች። «እንሰት ያዘኝ። እግሬ ታመመ፣ ከዚያ ዳነ።»

«ሾፌሩ ሲጣራ አልሰማሽም?»

«ሰማሁ። ትንፋሽ የለኝም፣ እንዴት ልመልስ? ወጥቼ ሳይ ሄዷል።» እጆቿን አወረደች፤ ሳቋም ጠፋ። «ሾፌሩ ደህና ነች? ስንት ጊዜ አሰብኩ።»

«ስምሽ ማነው፣ እናቴ?»

«ወለላ።»

ቁልቁል ሲወርድ በዓይኑ ይዟት ለመቆየት ሞከረ። የጣቶቿ አከፋፈት እንዴት ነበር? ቡሉኮው ከየትኛው ትከሻዋ ነበር የወረደው? ለዚህች ሴት የተማረው መስመር አንድም አልነበረውም።

ታረቀኝ ድንጋዩ ላይ እንዳለ ነው። ሠዓሊው ሲደርስ ቀና አላለም።

«ወለላ ትባላለች» አለ ግዛቸው። «ሾፌሩ ደህና ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ።»

ታረቀኝ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ግዛቸው ዞር አለለት።

«ትራመዳለች?» አለ ታረቀኝ በመጨረሻ።

«እንደኔና እንዳንተ።»

ሾፌሩ ተነሣ። ኮቱን አራግፎ ቆለፈ፣ ፊቱን በመዳፉ ጠረገ፣ እንደ ሙሽራ ተጨንቆ ፀጉሩን በእጁ አስተካከለ። ዳገቱን ያዘ። ጉሙ ውስጥ በመጀመሪያ እግሮቹ ጠፉ፤ ከዚያ ጀርባው ደበዘዘ።

ግዛቸው ከደረት ኪሱ ወረቀትና ከሰል አውጥቶ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ጉሙ ወረቀቱን አረጠበው፤ የመጀመሪያው መስመር ተንሰራፍቶ ግራጫ ሆነ። ሊያጠፋው አሰበና ተወው። እዚያው ግራጫው ውስጥ ሁለት የተዘረጉ እጆችን ፈለገ።

ከላይ፣ ከማይታየው መንገድ፣ የወለላ ድምፅ በጌዴኦኛ ተጣራ። ግዛቸው ከሰሉን ከወረቀቱ ላይ አንስቶ የታረቀኝን መልስ መጠባበቅ ጀመረ።