ቀይ ጥጃ ከጥቁር ላም

ቀይማ ሊሆን አይችልም፣ ላሟ ጥቁር ዲቃላ፣ አዳቃዩ ዮናስ ያመጣላት ዘር የፈረንጅ ጥቁር ኮርማ፣ ዝናሽ የጥጃውን ፊት በገለባ ትጠርጋለች፣ አፍንጫውን፣ ጆሮውን፣ እንደገና ፊቱን፣ ቀይ ነው፣ ከግንባሩ እስከ ጭራው እንደ ሸክላ የቀላ። ጎረቤቷ አያ ሙላቴ ክንዳቸው እንደራሰ ቆመዋል። ባሏ ደረጄ ደብረ ታቦር ሄዶ፣ የላሟ ምጥ ሲጸና አያ ሙላቴ ድረሱልኝ ብላ የጮኸችው እሷው ናት፣ እግሩን ይዘው አብረው ሳቡ፣ ወጣ፣ ተመስገን። አሁን ግን ሽማግሌው ዓይናቸውን ከጥጃው አይነቅሉም፣ ምን ሊሉ ነው።

ደማም ነው፣ ይላሉ። የኔ ደማም።

ወይ ጉድ። ደማም ቀዩ ኮርማቸው፣ ሟች ሚስታቸው ፍቅርተ በእጇ ወተት እየጋተች ያሳደገችው፣ ነሐሴ ላይ አባ ሰንጋ ባንድ ጀምበር ጣለው፣ ሥጋው አይበላ፣ ብቻቸውን ቆፍረው ቀበሩት፣ ከዚያ ወዲህ ደጀ ሰላም እንኳ ከሰው ጋር አይቀመጡም። ሳይሞት በፊት፣ መጋቢት መጨረሻ ላይ፣ ደማም የዝናሽን አጥር ጥሶ ከላሟ ጋር አድሮ ተገኝቷል፣ እውነት ነው።

ግን ቀኑ! ዮናስ ያዳቀላት በየካቲት ኪዳነ ምሕረት ሰሞን፣ ኅዳር ጽዮንን ጠብቂ አላት፣ ትናንት ጽዮን ነበረች፣ የደማም ቢሆን ከገና ወዲያ ነው፣ ያለቀኑ ቢመጣ ደግሞ ጸጉሩ ሳይሞላ፣ ጥርሱ ሳይወጣ፣ ይሄኛው ግን ሁሉ ነገሩ ሙሉ፣ ይኸው ሊቆም ይፍጨረጨራል። ቀለሙስ? ያኔ ዮናስን ጠይቃው ነበር፣ ጥቁሩ ቀዩን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም እትዬ፣ በእናትም በአባትም ውስጥ ተደብቆ ይኖርና ሁለቱ የገጠሙ ዕለት ብቅ ይላል፣ አላት፣ ሳቀችበት።

ልንገራቸው። ዝም ልበል? ዝም ማለትስ ውሸት አይደለም? ነገ ደረጄ መጥቶ፣ እሱ እንደሆነ ያፈርጠዋል፣ አሁን በለዘበ አፍ ብነግራቸው፣ አያ ሙላቴ ስሙኝማ፣

ተንበርክከዋል። ጥጃው ጣታቸውን ይጠባል።

ፍቅርተ ብታየው፣ ይላሉ፣ ዘሩ ጠፋ ብዬ ነበር፣ የሱ ነው አይደል ዝናሽ፣ የሱ አይደለም?

አፏን ትከፍታለች፣ የካቲት፣ ዮናስ፣ ጥርሱ፣ ሁሉም ምላሷ ላይ ነው፣

ስሙን አንቱ ያውጡለት፣ ትላለች።