የታጠበ ፊልትሮ

ፌኔት የአንድን ሞተር ጤና ለማወቅ ከሾፌሩ ይልቅ የተፈታውን የዘይት ፊልትሮ ትጠይቃለች። ሾፌር ይዋሻል፤ ባይዋሽም "ኧረ ደህና ነው" ማለት ይቀናዋል። ፊልትሮ ግን ሞተሩ ከሆዱ የተፋውን ሁሉ ይዞ ይጠብቃል። ቆርቆሮው በመቁረጫ ይከፈታል፤ በመጋዝ አይሆንም፣ መጋዝ የራሱን ብናኝ ይጨምርበታል። ከዚያ ውስጡ የተጣጠፈው ወረቀት ይዘረጋል፣ ዘይቱ ይጨመቃል፣ የቀረው በብርሃን ይታያል። ማግኔት የሚስበው ብረት ነው፤ ጥቂት ከሆነ ማንም አይደነግጥም፣ የማያረጅ ሞተር የለም። ማግኔት እምቢ የሚለው፣ ነሐስ የሚመስል ቢጫ ስባሪ ከታየ ግን ብሮንዚናው እየተበላ ነው። ብሮንዚና የሞተሩ ዋና ዘንግ ተደግፎበት የሚሽከረከር ስስ ሽፋን ነው። እሱ ካለቀ ሞተሩ ተጣብቆ ቀጥ ይላል፤ ቁልቁለት ላይ ከሆነ ደግሞ የሾፌሩን ነገር ፈጣሪ ይወቅ።

ዓለም ገና፣ ከጅማ መንገድ ገባ ብሎ ባለው የጭነት መኪኖች ግቢ ሥራ ስትጀምር ክረምት ነበር። አሁን በጋው ተጋምሷል፤ በስሟ የጠራት ሰው ግን የለም። "ኢንጂነር" ናት። ከእሷ በዕድሜ እጥፍ የሚሆኑ ሾፌሮች ሳይቀሩ "እርስዎ" ይሏታል። የስምሪት ኃላፊው ኦቦ ጌታቸው ከዘበኛው እስከ ጎሚስታው ድረስ በኦሮምኛ እየተሳደበ ሲስቅ ይውላል፤ ሱሉልታ የተወለደች የኦሮሞ ልጅ መሆኗን እያወቀ፣ እሷ ብቅ ስትል ሳቁን ውጦ በአማርኛ "ኢንጂነር፣ ምን ልታዘዝ?" ይላታል። ወሬ ወደሞቀበት ስትጠጋ ወሬው ይቆማል። ምሳ ላይ ወንዶቹ አንድ ትሪ ከበው፣ በክርን እየተጋፉና እየተጎራረሱ ይበላሉ፤ ለእሷ ግን ነጭ ሳህን አለ። ሳህኑን መካኒኩ ኤልቃና አለቅልቆና ወልውሎ፣ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ብቻውን በቆመ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥላታል። ክፋት የለበትም። አክብረው ገደሏት እንጂ ማንም አልበደላትም። ማታ ሰበታ ወደተከራየችው ክፍል ስትገባ እናቷ ደውላ "ከሰዎቹ ጋር ተላመድሽ?" ስትላት "በጣም ያከብሩኛል" ትላለች፤ እናት ይህን ሰምታ ደስ ይላታል።

የዚያን ቀን ጠዋት ሦስት መኪኖች ሲሚንቶ ጭነው ወደ ጅማ ሊወጡ በር ላይ ተሰልፈዋል። ዘይታቸው ተቀይሯል። ኤልቃና እንደ ልማዱ የሦስቱንም ፊልትሮ ቆርጦ አመጣላት። ፌኔት የመጀመሪያውን አነሳች። ወረቀቱ እንደ ሕፃን ልብስ ንጹሕ ነው። ሁለተኛውም። ሦስተኛውም።

"ኤልቃና፣ ይኼ ምንድን ነው?"

"ፊልትሮ ነዋ ኢንጂነር። የዳና፣ የዲኖ፣ የሙአዊያ።"

"ታጥቧል እኮ!"

"አዎ!" ኤልቃና ፊቱ በራ። "በናፍጣ አጥቤ በኮምፕሬሰር ነፋሁት። ሁልጊዜ ጥቀርሻ ጥፍርዎ ውስጥ ይገባል፤ አየሁ እኮ። ለሴት ልጅ እንዲህ ያለ ቆሻሻ እንዴት ይሰጣል ብዬ ነው።"

ፌኔት ትዕግሥት የሚባል ነገር ሲታደል የነበረች አትመስልም። "ሐኪም ሰገራ አምጣ ሲልህ፣ ዕቃውን አጥበህ ባዶውን ነው የምትወስድለት?"

ኤልቃና አቀረቀረ። "ለክብርዎ ብዬ ነው ኢንጂነር…"

"እጣቢው የታለ?"

"ሳፋው ውስጥ።"

"የሦስቱም? በአንድ ሳፋ?"

"ናፍጣ እንዳይባክን ብዬ።"

ሳፋውን አዘነበለች፤ ላይ ላዩን ቀስ አድርጋ ደፋች። ዝቃጩን የምታይበት ነጭ ነገር በዓይኗ ፈለገች፤ ግቢው ውስጥ ያለው ነጭ ነገር ያው የምሳ ሳህኗ ነው። ገለበጠችበት።

"ኧረ ሳህንዎን!" አለ ኤልቃና፣ ራሱ የተደፋበት ያህል ደንግጦ።

ማግኔቱን በፌስታል ጠቅልላ በዝቃጩ ላይ አመላለሰች። ጥቁሩ ብናኝ ተሳበ። ሳህኑ ላይ የቀረው ቢጫ ነው፤ እንደ ጤፍ ገለባ የሳሳ፣ ወደ ፀሐይ ሲዞር የሚያብለጨልጭ፣ ብዙ ቢጫ።

"ሳፋው ቀድሞ ምን ታጥቦበት ነበር?"

"ምንም። ጠዋት ወልውዬዋለሁ…" ኤልቃና ጭንቅላቱን አከከ። "መሰለኝ።"

መሰለኝ። ፌኔት ሳህኑን ይዛ ወደ በሩ ስትሄድ የያዘችው ይህን ያህል ብቻ ነበር፦ ከሦስቱ የአንዱ፣ መሰለኝ። የማንኛው እንደሆነ አታውቅም። ዝም ካለች ከሦስቱ አንዱ የግቤን ቁልቁለት በተበላ ሞተር ይወርዳል። ተናግራ ምንም ካልተገኘ፣ ከዚህ በኋላ እዚህ ግቢ ውስጥ ቃሏን የሚሰማ አይኖርም።

"ሦስቱም ይቁሙ" አለችው በሩ ላይ የቆመውን ኦቦ ጌታቸውን፤ ኤልቃና ሳፋውን ይዞ ከኋላዋ ደርሷል።

"ኢንጂነር፣ የማን እንደሆነ ይንገሩኝና እሱን ላቁመው።"

"አላውቅም። ፊልትሮዎቹ ታጥበዋል።"

"ታዲያ በታጠበ ፊልትሮ ሦስት መኪና ላቁም? ባለ ንብረቱን ምን ብዬ ነው የማስረዳው?" ድምፁ አሁንም የተለሳለሰ ነው። "ግድ የለም፣ ሲመለሱ በደንብ ያዩታል። እርስዎ ይረፉ።"

እርስዎ ይረፉ። ፌኔት ሄዳ የቆርቆሮውን በር ገፍታ ዘጋችና ፊቱ ቆመች። የመጀመሪያው መኪና ጥሩንባ ጮኸ። ቀጥሎ የወላይታው ሾፌር ዳና ከጋቢናው ዘሎ ወረደ።

"ምንድን ነው? ማነው በሩን የዘጋው?"

"እኔ ነኝ። ከሦስታችሁ የአንዳችሁ ብሮንዚና እየተበላ ነው። ይኸው።"

ዳና ሳህኑን አየ። ከሳህኑ ወደ ሳፋው፣ ከሳፋው ወደ ኤልቃና አየ። ደሙ ፈላ።

"አንቺ ግግም!" አለ። "ይኼን ሁሉ ሲሚንቶ ጭኜ፣ ሞተሬ እንደ ሰዓት እየሠራ፣ በእጣቢ ታቆሚኛለሽ? ሲኒ የሚያነቡ ሴቶች አሉ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ሳፋ የምታነብ ግን ዛሬ ገና አየሁ! ዩኒቨርሲቲ ይኼን ነው ያስተማሩሽ?"

ከኋላ ሾፌሮቹ ሳቁ። ኦቦ ጌታቸው "ዳና! አፍህን ሰብስብ!" አለ። ፌኔት ግን አልተቀየመችም። ደስ አላት ማለት ነውር ነው፤ ግን ደስ አላት። በዚህ ግቢ ውስጥ "አንቺ" ስትባል የመጀመሪያዋ ነበር።

"ሞተርህ እንደ ሰዓት ከሆነ ምን ያስጮህሃል? ከሥር ይፈታና እንየው!"

"ይፈታ! የእኔ ይቅደም! ምንም ካልተገኘ ግን እዚህ ግቢ እንዳላይሽ!"

"ምንም ካልተገኘ በራሴ እግር እሄዳለሁ። አንተ አታባርረኝም።"

ዘይቱ ተቀዳ። ኤልቃና የዘይት መያዣውን ፈትቶ አወረደ። ፌኔት ካርቶን አነጠፈችና በጀርባዋ ከመኪናው ሥር ገባች። ዳናም ላይ ላዩን እያጉረመረመ ከጎኗ ገባ። ቦታው ጠባብ ነው፤ ትከሻ ለትከሻ ተጣበቁ።

"ወዲያ በይ፣ ብርሃኑን ጋረድሽው።"

"አንተ ይኼን ትልቅ ጭንቅላትህን አንሳው!"

"ከአንቺ አፍ አይበልጥም። ያዢ መብራቱን። እንደሱ አይደለም፣ ወደዚህ! ኧረ ይቺን ልጅ ማን ነው ያሳደጋት?"

"ዘይት እያንጠባጠብክብኝ ነው!"

"ሳፋሽን አምጪና ታጠቢያ!"

ፌኔት ሳቀች። ዳናም ሳይወድ በአፍንጫው ሳቀ። የብሮንዚናው ክዳን ቡሎን ጠብቆ አስቸገራቸው፤ ሁለቱም ቁልፉን ይዘው አንድ ላይ ተንጠለጠሉበት። በመጨረሻ ተላቀቀ። ፌኔት ክዳኑን አውርዳ ብሮንዚናውን መዳፏ ላይ ገለበጠችና ወደ መብራቱ አስጠጋችው። ልሙጥ መሆን የነበረበት ፊቱ እንደታረሰ መሬት ተቦጭቋል፤ አንዱ ጠርዝ ተልጦ ሊወድቅ ደርሷል።

ዳና አውራ ጣቱን አሳረፈበት። በተቦጨቀው ላይ ቀስ አድርጎ ጎተተው።

"ግቤ አልደርስም ነበር" አለ በመጨረሻ።

"አትደርስም። ወይ ደርሰህ አትወጣም።"

ዳና ተንፏቆ ከትከሻዋ ራቀ። "ኢንጂነር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ። "ተናድጄ ነው አፌን የከፈትኩብዎት። ጌታ ይባርክዎት።"

"ዳና፣ ተወው። አንቺ በለኝ። አልቀየምም።"

"ኧረ! ነፍሴን ያተረፉልኝን ሰው?" ቀድሟት ወጥቶ ጃኬቱን መሬት ላይ አነጠፈ፤ ስትወጣ ልብሷ አፈር እንዳይነካው።

ወንዶቹ ብሮንዚናውን እየተቀባበሉ አዩት። የሚስቅ የለም። ፌኔት ልብሷን አራገፈች።

"የአንዱ መገኘት የሁለቱን ደህንነት አያረጋግጥም" አለች። "የቀሩትም ይከፈቱ።"

ትንሽ ጠበቀች፤ ከዲኖ ወይ ከሙአዊያ አንዱ "አበዛሽው" ይላታል ብላ። ሁለቱም የመኪናቸውን ቁልፍ አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጧት።

"እንዳሉ ኢንጂነር" አለ ኦቦ ጌታቸው፣ ትንሽ ጎንበስ ብሎ።

ካርቶኑን ጎትታ ወደ ሁለተኛው መኪና ሄደች። ሁሉም ወደ ኋላ ብለው ሰፊ ቦታ ለቀቁላት።